ኳሷን እንጂ እግሩን አትዩ፦ በመስመር ዳኛው ላይ ለተጻፈው ክስ ምላሽ

ሰሞኑን በአንድ የወረዳዎች ጨዋታ ባንዲራ ይዞ የዋለን ረዳት ዳኛ የሚከስ ረዘም ያለ ጽሑፍ ከደጀን እስከ ዳንግላ ኳስ የሚወድ ሰው ስልክ ውስጥ ሁሉ ገብቷል። እኔም ጋ ደጋግሞ ደርሷል፤ የላኩልኝ ሰዎች ከሥሩ «አንተስ ምን ትላለህ?» እያሉበት። ጨዋታውን ከሜዳው ዳር ቆሜ አይቻለሁ፤ ባንዲራም ፊሽካም ይዤ ስለማውቅ የምለው አለኝ። ጸሐፊው ተቆጥተዋል እንጂ አልተሳደቡም፤ አማርኛቸውም ያስቀናል። የያዟቸው ነጥቦች ግን አብዛኞቹ አይቆሙም። ሰውየው በእውነት የሚወቀስበት ነገር እያለ በማይወቀስበት ወቅሰውታል።

ጨዋታውን ላላዩ ባጭሩ ልንገር። በመጀመሪያው አጋማሽ ነጭ ለባሾቹ ረዳት ዳኛው ወደሚጠብቀው ግማሽ ሜዳ ያጠቁ ነበር። አንዲት ኳስ የዳር መስመሩን ተከትላ ልትወጣ ስትል የክንፍ ተጫዋቹ ደርሶ መለሳት፣ አሻማት፣ በግንባር ተገጭታ ጎል ሆነች። ቢጫ ለባሾቹ «ወጥታ ነበር» ብለው ዳኛውን ከበቡት፤ ባንዲራው ግን አልተነሣም ነበር። ከእረፍት መልስ የነጮቹ በረኛ 16 ከ50ው (በረኛ ኳስ በእጁ መንካት የሚችልበት ክልል) ጫፍ ላይ ዘሎ ኳስ ያዘ፤ ሲያርፍ አንድ እግሩ ከመስመሩ ወጥቶ ነበር። አሁንም ባንዲራ የለም። ወደ ማብቂያው የቢጫዎቹ አጥቂ ብቻውን ሲገባ ባንዲራው ተነሣ፣ ግን ዘግየት ብሎ። በመሃል ደግሞ አንድ የእጅ ውርወራ ላይ ረዳቱ ወደ ግራ ሲያሳይ ዋናው ዳኛ ወደ ቀኝ አሳየ። ውጤቱ 1 ለ 0።

ጸሐፊው ከዚህ ተነሥተው የሚሉት ይህ ነው። ረዳት ዳኛው ኳሷ ስትወጣ ከአሥራ አምስት ሜትር በላይ ርቆ ስለነበር ማየት አይችልም ነበር፤ ከኳሷ ጋር መሆን ነበረበት። ከጽሑፋቸው ጋር ያያያዙት ፎቶ ኳሷ መስመሩን አልፋ ሣር ላይ መሆኗን ያሳያል። በረኛው እግሩ ውጭ ስለነበር በእጅ ነክቷል፤ ቅጣት ምትና ቀይ ካርድ ይገባው ነበር። ባንዲራው የዘገየው ዳኛው ስለተጠራጠረና የደጋፊ ጩኸት ስለገፋው ነው። ዋናው ዳኛ የረዳቱን ባንዲራ መሻሩ ሕግ መጣስ ነው። ረዳቱ ለነጮቹ ወረዳ ይቀርባል። መፍትሔውም ከየጎሉ ጀርባ ተጨማሪ ዳኛ ማቆም፣ ቢቻል ካሜራ ማስገባት ነው። ያጎደልኩባቸው አይመስለኝም።

ከመጀመሪያው ልጀምር፤ የቀረው ሁሉ የተመሠረተው እሱ ላይ ነውና።

«ከኳሷ ጋር መሆን ነበረበት።» ከዳር ሆኖ ለሚያይ ሰው እንዲህ ቢመስለው አይገርምም፤ ሥራው ግን እንዲህ አይደለም። ረዳት ዳኛ ኳስ ተከትሎ የሚሮጥ ሰው አይደለም። ቦታውን የሚወስንለት በረኛውን ጨምሮ ሲቆጠር ከመጨረሻው ሁለተኛ የሆነው ተከላካይ ነው። እሱ ሲወጣ ይወጣል፣ ሲወርድ ይወርዳል፤ ትንሽ ሲንቀሳቀስ ፊቱን ወደ ሜዳ አድርጎ ጎን ለጎን ይራመዳል። ኳሷን የሚከተለው ከዚያ ተከላካይ ይልቅ ለግቡ መስመር የቀረበች እንደሆነ ብቻ ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፦ ከጨዋታ ውጭን፣ ማለትም ኳስ ስትለቀቅ አጥቂው ከዚያ ተከላካይ አልፎ መቆም አለመቆሙን፣ የሚዳኘው ረዳቱ ነው። ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ከቀረ ወይም ከቀደመ የሚያየው በሰያፍ ስለሚሆን ትክክለኛው አጥቂ ያለፈ፣ ያለፈውም ትክክለኛ ሊመስለው ይችላል።

አሠራሩም ዛሬ የተፈጠረ አይደለም። ዋናው ዳኛ ሜዳውን ከማዕዘን ወደ ማዕዘን በሰያፍ እንዲሮጥ፣ ሁለቱ ረዳቶች ደግሞ እሱ የሚርቅባቸውን ሁለት ተቃራኒ ዳሮች እንዲይዙ ያደረገው ስታንሊ ሩስ የሚባል እንግሊዛዊ ዳኛ ነው፤ በ1930ዎቹ፣ በፈረንጅ አቆጣጠር። ሰውየው ኋላ የፊፋ ፕሬዚዳንት ሆኗል። ከዚያ ወዲህ ስንት ነገር ተለውጦ ሰያፉ አልተለወጠም፤ ለንደንም ይሁን ቢቸና፣ ሦስት ዳኛ ያለበት ሜዳ ሁሉ በዚህ ይሠራል።

አሁን ወደዚያች ኳስ እንመለስ። ክንፍ ተጫዋቹ ኳሷን ሲመልሳት በመሃል መስመሩና በ16 ከ50ው መካከል ነበር። የቢጫዎቹ ተከላካዮች ደግሞ ጎላቸውን ለመጠበቅ ወርደው 16 ከ50ው መግቢያ ላይ ተደርድረዋል። ረዳት ዳኛው ከእነሱ ጋር ነበር። አሥራ አምስት ሜትር የተባለውን አልለካሁትም፣ ግን አልከራከርበትም፤ ያህል ይሆናል። ጸሐፊው እንደሚሉት ወደ ኳሷ ቢመለስ ኖሮ ምን ይሆን ነበር? ኳሷ የተሻማችው ወዲያው ነው። በተሻማችበት ቅጽበት የገጨው አጥቂ ከተከላካዩ ጋር እኩል ነበር ወይስ አልፎ ነበር የሚለውን በዚያ ዳር የሚያይ ሰው አይኖርም ነበር።

ጸሐፊው ራሳቸው ዝቅ ብለው «ጎሉን ያስቆጠረውም ከጨዋታ ውጭ ሳይሆን አይቀርም፤ ዳኛው እሱንም አላየም» ብለዋል። ሁለቱን ክስ አንድ ላይ ያስቀምጧቸው። ለመጀመሪያው ክስ ሲባል ኳሷ ዘንድ፣ ለሁለተኛው ሲባል ተከላካዩ ዘንድ መቆም አለበት፤ ሁለቱም በአንድ ቅጽበት። እንዲህ ያለ ዳኛ ካለ እኔም ማየት እፈልጋለሁ።

ደግሞስ ርቀቱ ጎድቶታል ወይ? ይኼ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር ስለሆነ ቆም ልበልበት። የመስመር ኳስ ስትዳኝ የሚያሳስትህ ከርቀት ይልቅ የምታይበት አቅጣጫ ነው። ረዳት ዳኛ የሚቆመው በዳር መስመሩ ጥግ ነው፤ ወደ ኋላው ሲያይ የሚያየው በመስመሩ ርዝመት ነው፣ እንደ ጠመንጃ አፈሙዝ። ከዚያ አቅጣጫ አሥራ አምስት ሜትር ቀርቶ ሠላሳ ሜትር ቢሆን ኳስ ከመስመር ግራ መሆኗና ቀኝ መሆኗ ይለያል። ኳሷ አጠገብ ግን በአግድም የቆመ ተመልካች፣ በሁለት ሜትር ርቀትም ቢሆን፣ ኳሷንና መስመሩን የሚያየው ከላይ ወደ ታች በዘወርዋራ ነው። ከሜዳው ውስጥ የሚያይ ሰው ኳሷ የወጣች ይመስለዋል፤ ከውጭ የሚያይ ደግሞ ያልወጣች። ሁለቱም አልዋሹም፤ የቆሙበት ቦታ ነው ያሳሳታቸው።

እዚህ ላይ ለጸሐፊው የምሰጠው አለ። ይህ አሠራር ቀዳዳ አለው፤ የዓለም ዳኞችም ያውቁታል። ቀዳዳው ግን ሌላ ጋ ነው፦ የግብ መስመር ላይ። ረዳቱ ከተከላካዩ ጋር ቆሞ ሳለ ከሩቅ የተመታች ኳስ አግዳሚውን ነክታ መስመር ላይ ስትወርድ እሱ በግቡ መስመር አቅጣጫ የለም። እ.ኤ.አ. ሰኔ 27 ቀን 2010 ደቡብ አፍሪካ፣ ብሉምፎንቴን ላይ የእንግሊዙ ፍራንክ ላምፓርድ ኳስ ጀርመኖች ጎል ውስጥ ወርዳ ወጥታ ጎል ያልተባለችው እንዲሁ ነው። መስመሩን በግልጽ አልፋ ነበር፤ ዓለም ሁሉ በቴሌቪዥን አየ፣ ረዳት ዳኛው አላየም። ጸሐፊው ጎል መስመር ላይ ስለወረደች ኳስ ቢጽፉ ኖሮ የርቀት ክርክራቸው ይቆም ነበር። የዳር መስመር ግን የረዳቱ የራሱ መስመር ነው።

ወደ ፎቶው ልምጣ። ጽሑፉን ያን ያህል ያሰራጨው እሱ ነው፤ ሰው ፎቶ ሲያይ ክርክር ያለቀ ይመስለዋል።

ፎቶው የተነሣው ከሜዳው ማዶ፣ ከፍ ካለ ቦታ፣ በስልክ ነው። ኳሷ መሬት ላይ፣ በእሷና በኖራው መካከል ቀጭን ሣር ይታያል። ጸሐፊው «ሣሩን እዩት» ይላሉ። አየሁት። ሕጉ የሚለው ግን ኳስ ወጣች የሚባለው ሙሉ በሙሉ መስመሩን ስታልፍ ነው፤ በምድርም ሆነ በአየር። መስመሩ ደግሞ የሜዳው አካል ነው። ስለዚህ የሚታየው የመስመሩ የውጭ ጠርዝ ነው፣ የውስጡ አይደለም፤ ከኳሷም በኩል መሬት የነካው ቦታዋ ሳይሆን ለሜዳው የቀረበው ሆዷ ነው።

ቁጥሩን እንይ። የኳስ ዙሪያ ከ68 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ነው፤ በመሃል ብትቆረጥ ስፋቷ 22 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። መሬት የምትነካው ግን ከሥሯ በትንሽ ነጥብ ነው። እንስራ መሬት ላይ ሲቀመጥ የሚነካው ቂጡ እንጂ ሆዱ እንዳልሆነ ሁሉ፣ የኳስም ሆድ ከነካችበት ነጥብ በየአቅጣጫው 11 ሳንቲ ሜትር ያህል ይወጣል። እንግዲህ ኳሷ ከመስመሩ የውጭ ጠርዝ አሥር ሳንቲ ሜትር ርቃ ሣር ብትነካ፣ ሆዷ ገና ከመስመሩ በላይ ነው። አልወጣችም። በመካከል ሣር ይታያል፤ ይታይ። ሣር መታየቱ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም።

ይህን ለማመን የሚከብደው ሰው የኳታሩን ዓለም ዋንጫ ያስታውስ። እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1 ቀን 2022 ጃፓን ስፔንን 2 ለ 1 ስታሸንፍ ሁለተኛዋ ጎል የመጣችው ካኦሩ ሚቶማ ከግብ መስመሩ ላይ በመለሳት ኳስ ነው፤ አኦ ታናካ አስገባት። በዕለቱ የተሰራጩት ፎቶዎች በኳሷና በመስመሩ መካከል ሰፊ አረንጓዴ ያሳዩ ነበር፤ ግማሹ ዓለም «ወጥታለች» አለ። በኋላ ቀጥ ብሎ ከላይ የተነሣው ሲወጣ የኳሷ ጠርዝ በጥቂት ሚሊ ሜትር ከመስመሩ በላይ ነበር። የጀርመን ከምድቡ መውደቅም በዚያች ጎል ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ያን ሁሉ ካሜራ ታጥቆ እንኳ ከጎን የተነሣ ፎቶ ሰውን እንዲህ ካሳሳተ፣ ከሜዳ ማዶ በስልክ የተነሣ አንድ ፎቶ የእኛን ኳስ እንዴት ያወጣታል?

ኳሷ አልወጣችም እያልኩ አይደለም። እኔም የቆምኩት በአግድም ነው፤ ከዚያ ሆኖ «አየሁ» የሚል ሰው አለማየቱን ነው የሚናገረው። ያ ፎቶ አያረጋግጥም ነው የምለው።

ስለ መስመሩ ግን ጸሐፊው ያነሡት አንድ ነገር እውነት ነው። በዚያ ቦታ ኖራው ጠፍቶ ነበር። ማለዳ ዘንቦ ግማሹ ታጥቧል፤ የቀረውም በእግር ተረግጦ ሰፍቶ የመስመር ሳይሆን የመንገድ መልክ ይዟል። በሕጉ መስመር ከ12 ሳንቲ ሜትር መብለጥ የለበትም፤ ያ ግን በአንዳንድ ቦታ ሁለት ጫማ ሙሉ ይሆናል። እንዲህ ሲሆን ረዳት ዳኛ ከማዕዘን ባንዲራው እንጨት ጋር እያስተያየ ይገምታል፤ ግምት ደግሞ ግምት ነው። ይህ ግን ሜዳውን ያዘጋጁት ሰዎች ዕዳ ነው። ከጨዋታ በፊት ሜዳ ዞሮ ማየት የዳኞችም ግዴታ ነውና ሦስቱም ከፊሉን ይሸከማሉ።

በረኛው ላይ የተነሣው ክስ ይበልጥ ቀላል ነው፣ ይበልጥም የተሳሳተ። ጸሐፊው የበረኛውን ግራ እግር በቀይ ክብ ከበው አሳይተዋል። እግሩ ውጭ ነው፤ አዎ። ግን ለእግር ማን ቅጣት ምት ይሰጣል? በረኛ ከ16 ከ50 ውጭ የተከለከለው ኳስ በእጁ መንካት ነው፤ መቆም አልተከለከለም። የሚታየው እጁና ኳሷ የተገናኙበት ቦታ ነው። እዚሁ ፎቶ ላይ ኳሷን ተመልከቱ፦ ደረቱ ላይ ተጣብቃለች፣ ደረቱ ወደ ውስጥ ዘንበል ብሏል፣ ከሥሯ ያለው ኖራው ነው። የ16 ከ50 መስመር ደግሞ የክልሉ አካል ነው። ክብ መደረግ የነበረበት እሷ ነበረች።

ነገሩን ገልብጡት። በረኛው ሁለቱም እግሩ ውስጥ ሆኖ እጁን ዘርግቶ ከመስመሩ ውጭ ያለች ኳስ ቢይዝ ጥፋት ነው፤ ማንም «እግሩ ውስጥ ነበር» ብሎ አያድነውም። ጎል መስመር ላይም እንዲሁ፦ በረኛ ኳስ ይዞ ሰውነቱ ጎል ውስጥ ቢወድቅ፣ ኳሷ ሙሉ በሙሉ ካላለፈች ጎል የለም። በየሰፈራችን በዚህ ስንት ጠብ ተነሥቷል!

በነገራችን ላይ አሜሪካኖች በሚጫወቱት ቤዝቦልም ሕጉ ይኸው ነው። የሜዳቸውን ሁለት ዳር የሚለይ መስመር አለ፤ ተመትታ የመጣችን ኳስ መስመሩ ጥግ ላይ ተጫዋች ሲነካት ወይም ሲይዛት ከውስጥ ነች ወይስ ከውጭ የሚባለው በዚያች ቅጽበት ኳሷ ባለችበት እንጂ የተጫዋቹ እግር በቆመበት አይደለም። ዳኞቻቸውም መስመሩን በርዝመቱ ለማየት መስመሩ ላይ ይሄዳሉ፤ ኳሷ መስመሩን የምትታከክ ከሆነ መጀመሪያ የውስጥ ወይም የውጭ መሆኗን በእጃቸው ያመለክታሉ፣ ከዚያ ነው መያዝ አለመያዟን የሚያሳዩት። ኳሷ የት ነች ከሚለው ይጀምራሉ፣ የሆነው ምንድን ነው የሚለው ይከተላል። ይህን ቅደም ተከተል ያዙልኝ፤ ስለ እጅ ውርወራው ስናወራ ያስፈልገኛል።

ቀይ ካርዱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ልለፈው፦ በረኛ ውጭ በእጁ ቢነካ እንኳ በራሱ ቀይ አያሰጥም፤ ግልጽ የጎል ዕድል ማጨናገፍ አለበት፣ እዚያ ቦታ ደግሞ ከፊቱ የነበረው አንድ አጥቂ ጀርባውን ለጎሉ ሰጥቶ ነበር።

ረዳት ዳኛው ያንን ኳስ ሲያይ የት ነበር? ተከላካዩ 16 ከ50ው ላይ ስለነበር እሱም በመስመሩ ትክክል ላይ ነበር። ከዚያ የተሻለ ቦታ ሜዳው ላይ የለም። ያላነሣው ባንዲራ ሥራውን በትክክል የሠራ ባንዲራ ነው።

«ባንዲራው ዘገየ፤ ስለዚህ ተጠራጥሯል።» ይኼን ክስ ከሁሉ ይልቅ የምሰማው ነው፤ ከአሠልጣኞችም ጭምር። ከጨዋታ ውጭ ቦታ ላይ መገኘት ብቻውን ጥፋት አይደለም። ጥፋት የሚሆነው ያ ሰው ኳሷን ሲጫወት ወይም ተከላካይን ሲያውክ ወይም ከቦታው ሲጠቀም ነው። ስለዚህ ረዳት ዳኛ እንዲጠብቅ ነው የሚማረው፦ ያይና ይታገሣል። ሁለት አጥቂዎች ይሮጣሉ፤ አንዱ አልፏል፣ ሌላው ከኋላ ትክክል ተነሥቷል። ባንዲራ የቸኮለ ዳኛ ኳሷ ለሁለተኛው ልትደርስ ስትል ጨዋታውን ያቆማል፤ ንጹሕ ጎል ይገድላል። ትንሽ ዘግይቶ ትክክል መሆን ቸኩሎ ከመሳሳት ይሻላል።

በዚያች ኳስም እንዲሁ ሆኗል። ኳሷ ስትለቀቅ የቢጫዎቹ ሁለት ሰዎች ነበሩ። ያለፈው ፊተኛው ነው፤ ከኋላው የመጣው አላለፈም፣ ሊደርስባትም ይችል ነበር። ባንዲራው የተነሣው ፊተኛው ሲነካት ነው። ባንዲራው ቀጥ ብሎ ቆመ፣ ፊሽካ ሲነፋ ወደ መሃል ሜዳው አቅጣጫ በአግድም ወረደ። እንደ መጽሐፉ ነው። የደጋፊው ጩኸት ከባንዲራው ቀድሞ ስለነበር ጩኸቱ ባንዲራውን ያነሣው መሰለ እንጂ፣ የነጮቹ ደጋፊ ያን ቀን የማይጮኽበት ኳስ አልነበረም፤ ዳኛው ለጩኸት ቢያነሣ ክንዱ ባላረፈ።

መዘግየቱ የራሱ ጣጣ የለውም አልልም። ባንዲራ ሲጠበቅ በረኛና አጥቂ ተጋጭተው የተጎዱበት ጊዜ አለ። ያ ፍርሃት ተገቢ ነው፤ ግጭት የሚመጣ ከመሰለ ረዳቱ ቶሎ ማንሣት ይችላል። እዚህ ግን በረኛው ገና ጎሉ ላይ ነበር።

አሁን ጸሐፊው በሁለት ዓረፍተ ነገር ወዳለፉት፣ እኔ ግን ዋናው ነው ወደምለው ጉዳይ። ሁለት ዳኞች አንድን የእጅ ውርወራ ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ አሳዩ። ጸሐፊው የሚሉት «ዋናው ዳኛ የረዳቱን ባንዲራ መሻር አይችልም» ነው። ይችላል። ረዳት ዳኛ ይረዳል፣ የመጨረሻው ውሳኔ የዋናው ነው፤ ሕጉ በዚህ ላይ አያሻማም። ግን መቻሉ ሌላ፣ እዚህ መሆን ነበረበት ወይ ማለት ሌላ። ኳሷ የወጣችው ረዳቱ እግር ሥር ነው፤ በእንዲህ ያለች ኳስ ዋናው ዳኛ ረዳቱን ይጠብቃል። ታዲያ ለምን አልጠበቀም?

ጠብቆ ነበር። አጠገቡ ስለነበርኩ አይቻለሁ። ረዳቱ ባንዲራውን በቀኝ እጁ አነሣ፣ ወደ ቀኝ ዘንበል አለ፤ ወዲያው ተሳስቷልና ከራሱ በላይ ወደ ግራ እጁ አሻገረው፣ ወደ ግራ አሳየ። ዋናው ዳኛ ያየው የመጀመሪያውን ነው፤ በሱ ነፋ። ይህ ለጀማሪ ከሚነገሩት የመጀመሪያዎቹ ነገሮች አንዱ ነው፦ ባንዲራ ከወገብ በታች ነው ከእጅ ወደ እጅ የሚሻገረው፣ አየር ላይ አይሻገርም። አጠራጣሪ ኳስ ከሆነች ደግሞ መጀመሪያ ቀጥ አድርገህ ታነሣለህ፤ «ወጥታለች» ማለት ነው። ከዚያ ከዋናው ዳኛ ጋር ዐይን ለዐይን ትያያለህ። አቅጣጫው ከዚያ በኋላ ነው። ያ ቅደም ተከተል ቢጠበቅ ሁለቱ ዳኞች በሰው ፊት እንዲያ ባልተለያዩ።

ጸሐፊው ይህን ቢይዙ ኖሮ አብሬያቸው እጮኽ ነበር። ከዚያ በኋላ ሜዳው ውስጥ ማንም ያንን ባንዲራ አላመነውም፤ በረኛው ኳስ ሲይዝም፣ አጥቂው ሲያልፍም ተጫዋቾቹ ዞረው ዳኛውን የሚሰድቡት የሆነ ነገር ስላዩ ሳይሆን በእጅ ውርወራው ስላጡት እምነት ነው። ትክክል የሆኑት ውሳኔዎች ሁሉ በዚያች የተሳሳተ እጅ ተከሰሱ።

ለወረዳው ያደላል የተባለውን አልዘገይበትም። ማድላቱን የሚያሳይ አንድም ነገር አልቀረበም። በመጀመሪያው አጋማሽ ነጮቹ ብቻቸውን ሲገቡ ከጨዋታ ውጭ ብሎ ያቆማቸውም እሱ ነበር፤ ጽሑፉ ያንን ዘልሎታል።

የመፍትሔው ሐሳብ ላይ ግን ጸሐፊው ለበጎ አስበዋል፤ አልንቀውም። ከጎሉ ጀርባ ሰው ማቆም በአውሮፓ ተሞክሯል። እ.ኤ.አ. ሰኔ 19 ቀን 2012 ዶኔትስክ ላይ ዩክሬን ከእንግሊዝ ስትጫወት ከጎሉ ጥቂት ሜትር ርቆ የቆመ ተጨማሪ ዳኛ ነበር። የዩክሬኑ ማርኮ ዴቪች የመታትን ኳስ የእንግሊዙ ጆን ቴሪ መስመሩን ካለፈች በኋላ መለሳት፤ ሰውየው እያየ ጎል አልተባለም። በዚያው ጥቃት መጀመሪያ ላይ የዩክሬን ተጫዋች ከጨዋታ ውጭ ነበር፤ እሱም አልታየም። ከሁለት ሳምንት ትንሽ አለፍ ብሎ የጨዋታ ሕግ አውጪው አካል የጎል መስመር ቴክኖሎጂን ፈቀደ። ሰው መጨመር ብቻውን ያንን ቀዳዳ አልደፈነም። ካሜራውም ቢሆን ለእኛ ክርክር አይደርስም፤ ቫር (ዳኛን በቪዲዮ የሚያግዘው አሠራር) የሚገባው በጎል፣ በፍጹም ቅጣት ምት፣ በቀይ ካርድና በመሳሰሉት ነው፤ ለተራ የእጅ ውርወራ ማንም ሞኒተር አያይም። የኖራ መግዣ በሌለበት ሜዳ ካሜራ ማንሣትም ይገርመኛል።

ለእኛ የሚበጀውን ግን ከዚያው ሜዳ ላይ አይቼዋለሁ። ረዳት ዳኛው የሚሮጥበት መንገድ አልነበረውም። ተመልካቹ መስመሩ ላይ ቆሟል፤ ልጆች እግራቸውን ዘርግተው ተቀምጠዋል፣ ጥላ የያዙ ሴቶች አሉ፣ አንድ ጋቢ የለበሱ አባት ዱላቸውን ከመስመሩ ውስጥ ተክለው ተደግፈውታል። ረዳቱ ተከላካዩን ይዞ ሲሮጥ በእነሱ ዙሪያ እየተጠማዘዘ ወደ ሜዳው ውስጥ ይገባል፤ ወደ ሜዳው የገባ ሰው ደግሞ መስመሩን በርዝመቱ ማየቱ ይቀርበታል። ለዚህ የሚያስፈልገው ገመድና ጥቂት አስተባባሪ ነው፦ ተመልካቹን ከመስመሩ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ማድረግ። ከዝናብ በኋላ በገመድ ተለክቶ ቀጭን ኖራ ማስመር። ሦስቱ ዳኞች ከጨዋታ በፊት ተቀምጠው «ከእኔ ዳር የወጣችውን እኔ አሳያለሁ፣ ከሩቁ የወጣችውን አንተ፣ አጠራጣሪ ከሆነች ተያይተን» ብለው እንዲስማሙ ማድረግ። ጸሐፊው በዚህ ላይ ብዕራቸውን ቢያነሡ ከእኔ ይልቅ የሚሰማቸው ሰው ብዙ ነው።

ስለዚያች የመጀመሪያዋ ኳስ ደግሞ አንድ ጥያቄ ለሁላችሁም፦ ከማዕዘን ባንዲራው በኩል፣ መስመሩን ተከትሎ፣ በስልኩ ቪዲዮ የቀረጸ ሰው ካለ ያውጣው። ከዚያ አቅጣጫ ወጥታ ከታየች፣ ወጥታለች እላለሁ፣ ከነምክንያቴም እጽፋለሁ።